ንቅንቅ የማይለው የሰልፍ አጥር

የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ብልጭታ» የሚለው በያጅ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው በርና መስኮት ሲበይድ ኖሮ በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ዜማ ያዘው። ነገሩ የጀመረው አንድ ቀን የተቆረጠ ቱቦ ከእጁ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ «ዲንንን» ሲል ነው። ሌላ ሰው ቢሆን እግሬ ተረፈ ብሎ ያልፈው ነበር፤ እሱ ግን አንስቶ እንደገና ጣለው። ከዚያ ሌላ ቆረጠ፣ አጠር አድርጎ። ሚስቱ «ዛሬ ምን ሠርተህ ዋልክ?» ብትለው «ስጥል ዋልኩ» አላት።

በስምንት ወሩ ለአውቶቡስ መናኸሪያው የሰልፍ አጥር ሠራ። አርባ ሁለት ቱቦ፣ ከረጅም ወደ አጭር። የተሰለፈው ሰው በቁልፉም በጃንጥላውም እየነካ ሲያልፍ ዜማ ይወጣል። ምስጢሩ አንድ ነው፦ ቱቦዎቹ ጠብቀው መታሰር የለባቸውም፤ በላስቲክ ላይ ላላ ብለው መንጠልጠል አለባቸው። አስተዳደሩም «ሁለት ሳምንት ይሞከር፤ ከዚያ ኮሚቴ ያየዋል፤ ካልረባ ይነሳል» አለ። ብልጭታ የሚፈልገው እንዲቆይለት ነው፣ እየጮኸ። በሠራው በር ፊት ቆሞ ያዳመጠ ሰው ገጥሞት አያውቅማ!

በመጀመሪያው ቀን አንዲት ነርስ ሁለት አውቶቡስ አሳልፋ ቱቦዎቹን ስትመታ ከሥራ አረፈደች። በማግስቱ አጥሩ ዲዳ ሆነ። «ጠቅ፣ ጠቅ» ብቻ። ጎንበስ ብሎ ቢያይ ቱቦዎቹን የያዘው ብሎን ሁሉ ጥርሱን ነክሷል።

«ማነው ያጠበቀው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለ የመናኸሪያው ጥገና ሠራተኛ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ፈገግ ብሎ። «ሁሉም ላልቶ ነበር እኮ!»

«ወንድሜ፣ እንዲላላ ተደርጎ ነው የተሠራው።»

«እንዴ! ላልቶ የሚሠራ ነገር አለ?»

«ይኸው አለ።»

«እሺ፣ እሺ።»

እሺታው ከልቡ ነበር፤ እጁ ነው ያልሰማው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የላላ ሲያጠብቅ የኖረ እጅ፣ የላላ ብሎን ካየ ያሳክከዋል። ብልጭታ ጠዋት ይፈታል፣ ሰውዬው ከሰዓት ያጠብቃል። «አይጥበቅ» ብሎ ወረቀት ቢለጥፍ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት ዝርዝር ተለጠፈበት። ለመናኸሪያው ኃላፊ ቢከስ «ጎበዝ ሠራተኛ ነው፣ አታስቀይመው» ተባለ። ሚስቱ «ምሳ ጋብዘውና ተግባባው» አለችው። ጋበዘው። ሰውዬው በልቶ ሲነሳ የምግብ ቤቱን ወንበር አጠበቀ።

የኮሚቴው ቀጠሮ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ነበር። ብልጭታ አስቀድሞ ሊፈታ ሁለት ሰዓት ላይ የብሎን መፍቻውን ይዞ ሲደርስ፣ ሰብሳቢዋ ቀድመው መጥተው በእስክሪብቶ ቱቦ ሲያንኳኩ አገኛቸው። ጠቅ።

«የሚጮኸው እንዲህ ነው?»

«አይደለም እመቤቴ፤ አሥር ደቂቃ ስጡኝ፣ ልፍታው—»

«ምን ሲባል ይፈታል!» አሉ አብረዋቸው የመጡት መሐንዲስ፣ አጥሩን በሁለት እጃቸው ጨብጠው እየናጡ። «ንቅንቅ አይልም እኮ! እንዲህ ያለ አጥር አይቼ አላውቅም።»

ቆመው ፈረሙ። አጥሩ በቋሚነት ይቆያል፤ የፈታ ይጠየቃል።

«እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ!» የጥገና ሠራተኛው ዓይኑ እንባ አቅርሮ አቀፈው። «ከእንግዲህ ማንም አይነካብዎትም። ጠባቂው እኔ ነኝ።»

ብልጭታ ከእቅፉ ወጥቶ በመፍቻው ወደ አጥሩ ጫፍ አመለከተ።

«እሺ አንዷን ብቻ» አለ። «መጨረሻ ያለችውን፣ ትንሿን። ላላ ላድርጋት።»

«ጋሼ!» አለ ሰውዬው፣ አጥሩን በጀርባው ከልሎ። «ተፈርሟል እኮ!»