ሰኞ ይምጡ

የታሰርኩት ጎመን ልገዛ ወርጄ ነው። ከቀጨኔ በታች፣ ወንዙ ዳር፣ አትክልት የሚተክሉ ሰዎች ተሰብስበው፣ ከላይ ያለው የክር ማቅለሚያ ፋብሪካ ውሃችንን ገደለው ይላሉ። እኔ ደግሞ ፌስታሌን ይዤ መሃላቸው ቆሜ ዋጋ አስቀንሳለሁ። ፖሊስ ሲከበን «እኔ ከነሱ ጋር አይደለሁም» አልኩ። ሦስት ጊዜ አልኩት፤ ዶሮ ባይጮኽም።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ሲሚንቶው አጥንት ድረስ ይቀዘቅዛል። ለአዲስ ገቢ የሚሰጠው ቦታ ሽንት ባልዲው አጠገብ ነው። ከጎኔ ስብሰባውን የጠራው ሰው ተቀምጧል፤ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፣ እጁ እስከ ክርኑ ተላልጧል። በኩባያ ውሃ ሰጠኝ።

«ይጠጡ አባባ፣ የቧንቧ ነው።»

በሦስተኛው ቀን ወንዙን ያስተምረን ጀመር። ቀይ ሆኖ ሲወርድ በማግስቱ የጎመኑ ጠርዝ ይቃጠላል። ሰማያዊ ሲሆን አረፋ አለው፤ ያን ቀን እንቁራሪት አይጮኽም፤ እንቁራሪት ካልጮኸ ልጅ ውሃው ውስጥ አይግባ።

«ለሚመለከተው አልነገርክም?» አለው አንዱ።

«ጽፌያለሁ፣ ሦስቴ። ወረዳ መዝገብ ቤት ያሉ ሽማግሌ ማህተም መቱበትና ‹ሰኞ ይምጡ› አሉኝ።»

ሽማግሌው እኔ ነኝ። ጡረታ የወጣሁት በቅርቡ ነው። ማህተም አመታቴ ያምር ነበር፤ ቀጥ ያለ፣ ቀለሙ የማይዘል። ከዚያ ደብዳቤው መሳቢያ ይገባል። ሰኞ የምለው፣ ሰው እስከዚያ ይረሳዋል ብዬ ነው። ብዙውም ይረሳል።

ሌሎቹ ፀሐይ ሊሞቁ ሲወጡ እኔና እሱ ቀረን።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ። ያኔ ወንዙ ዳር ‹ከነሱ ጋር አይደለሁም› ሲሉ በድምፅዎ አወቅኩዎ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? ሽማግሌ ነዎት።»

ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ሠላሳ ዓመት ፋይል ላይ የተቀመጠ ሰው ዝም አይልም። «ሁለቱ ስለ ወንዙ ነበሩ። ሦስተኛውን ግን አልከፈትኩትም» አልኩ።

«የነፃ ሕክምና ወረቀት እንዲሰጠኝ የጠየቅኩበት ነበር። የሰባት ዓመት ልጄ ከዚያ ውሃ ጠጥታ ታማብኝ ነበር። አርብ ከሰዓት ነው የመጣሁት።»

«ሰኞ ግን አልመጣህም እኮ።»

«ሰኞ ቀብር ነበረብኝ።»

አጠገቤ ያለውን ባልዲ አየሁ። ቦታዬ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

በማግስቱ መርማሪው ጠራኝ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ወንበር ሰጠኝ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረበልኝ። «አባባ፣ ጎመን ሊገዙ እንደመጡ ይጻፉና ይፈርሙ። ዛሬውኑ ቤትዎ ይገባሉ» አለኝ። ውሸት አልነበረም። ወገቤም ፍራሼን ናፍቋል።

ሦስቱ ደብዳቤዎች የሚሉትን፣ ከሰውየው አፍ እንደሰማሁት ጻፍኩ። ከሥር «ተቀብዬ መሳቢያ የከተትኳቸው እኔ ነኝ። ከሰዎቹ ጋር ነኝ» ብዬ ፈረምኩ። ፊርማዬ እንደዚያ አስቀያሚ ሆኖ አያውቅም።

መርማሪው አንብቦ ሲጨርስ «ጎመኑስ?» አለኝ።

«አልገዛሁም።»

ወደ ባልዲዬ ተመለስኩ። የተፈታሁት ከሌሎቹ ጋር ነው።

አሁን በዚህ ዕድሜዬ አስተማሪ ሆኛለሁ። ክፍል የለኝም፣ ጠመኔም የለኝም። ሰኞ ሰኞ የሰፈራችንን ተማሪዎች ይዤ ወንዙ ዳር እወርዳለሁ፤ ይዤ ስል፣ እነሱ ናቸው ቁልቁለቱን ደግፈው የሚያወርዱኝ። ያ የእስር ቤት ጎረቤቴ የውሃውን ቀለምና የእንቁራሪቱን ዝምታ ያስተምራል። እኔ ደግሞ ቆሻሻው ለምን ሁልጊዜ ደሃ ደጃፍ እንደሚወርድ፣ አቤቱታ እንዴት እንደሚጻፍና የት ገብቶ እንደሚቀር እነግራቸዋለሁ። በመጨረሻው ትምህርት የሚበልጠኝ የለም።

ባለፈው አንዲት ተማሪ «ጋሼ፣ ለምንድነው ሁልጊዜ ሰኞ የምንመጣው?» አለችኝ። የጫማዬን ጭቃ ድንጋይ ላይ ጠረግኩ።

እሱ የተቃጠለ የጎመን ቅጠል ሊያሳያቸው ጎንበስ ብሎ እየቀነጠሰ ነበር። ቀና ሳይል መለሰላት።

«ከጋሼ ጋር ቀጠሮ አለን።»