የአባቴ ግራ እጅ

በልጅነቴ በአቃቂ ሰፈራችን የእኔን ያህል "ቁጭ በል" የተባለ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ክፍል ውስጥ ቁጭ በል፣ ገበታ ላይ ቁጭ በል፣ እንግዳ ሲመጣ ቁጭ በል። እኔ ግን ያገኘሁትን ሁሉ ሳላንኳኳ፣ ሳልነካካ፣ ሳልፈታታ መዋል አልችልም ነበር። የሦስተኛ ክፍል አስተማሪዬ እናቴን አስጠርታ "ልጅዎ ወንበሩ ላይ እሾህ አለበት እንዴ?" ብላ እንደጠየቀቻት እማዬ እስከ ዛሬ እየሳቀች ታወራዋለች። ያን ጊዜ ግን አልሳቀችም።

በዚያ ዓመት ቤታችን ውስጥ መቀመጥ ያቃተው ሌላም ሰው ነበር። አባቴ። አባዬ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መካኒክ ነበር፤ ማታ ሲገባ የማሽን ዘይት ይሸታል፣ ፀጉሩ ላይም የጥጥ ብናኝ አይጠፋም። ኋላ ማሽኖቹ በየተራ መቆም ጀመሩና ሠራተኞቹ "እስክንጠራችሁ ቤታችሁ ቆዩ" ተባሉ። አባዬ ግን በለመደው ሰዓት ይነሣል፣ ይታጠባል፣ ጫማውን ያስራል፤ ከዚያ የሚሄድበት የለም። ደህና የነበረውን በር ነቅሎ እንደገና ይገጥመዋል። ከጓዳ እስከ ግቢው በር እየተመላለሰ በፋብሪካው በኩል ጆሮውን ይጥላል። እማዬ ጎረቤት ስትጠይቃት "ሁለት ነፋስ ቤቴ ገብቶብኝ ምን ሰላም አለኝ" ትል ነበር።

ፒያኖ የሚባለውን ነገር ያመጣችውም እሷ ናት። አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ልጇን ሳሪስ አቦ አካባቢ ጡረታ የወጣች መምህርት ዘንድ ፒያኖ እያስተማረች ነበርና፣ ልጅቷ ከጀመረች ወዲህ አደብ መግዛቷን ነገረቻት። እማዬን የማረካት ሙዚቃው ሳይሆን አደብ የሚለው ቃል ነው። ቅዳሜ ሲደርስ አባዬ ይዞኝ እንዲሄድ ታዘዘ። አሁን ሳስበው ሁለታችንንም ለግማሽ ቀን ከቤት ማስወጣቷ ነበር።

መምህርቷ አልማዝ ትባላለች፤ እኛ ልጆቹ ቲቸር እንላት ነበር፣ ኋላ አባዬም ቲቸር ማለት ለመደ። ሳሎኗ የወለል ሰምና ያረጀ እንጨት ይሸታል። ፒያኖው ዳንቴል ለብሶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሶፋው ላይ ወላጆች ተደርድረው ተራ ይጠብቃሉ፤ አንዲት እናት ልጇ በታላቅ እህቷ ሰርግ ላይ ለመጫወት እንድትደርስላት ትፈልጋለች፣ ቃሊቲ ሱቅ ያላቸው አንድ የስልጤ አባት ደግሞ ፒያኖ የተማረ ልጅ ሒሳብ ይገባዋል ሲሉ ሰምተው ነው የመጡት። ቲቸር ሁሉንም "ይሁን፣ እናያለን" እያለች ትቀበላለች። የእኛ ተራ ሲደርስ አባዬ "ቁጭ ማለት እንዲለምድልን ነው" አላት።

ቲቸር እኔን አየችኝ። ቀጥላ እሱን አየችው። ከገባን ጀምሮ አልተቀመጠም፤ ጎንበስ ብሎ የላላውን የፒያኖ ፔዳል በጣቱ እየነካካ ነበር።

"ለእሱ ነው ወይስ ለእርስዎ?" አለችው።

አባዬ ቀና ብሎ ፈገግ አለ። ከፋብሪካው ከቀረ ወዲህ ፈገግ ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያኔ ይመስለኛል።

ትምህርቱ ግን አልሆነልኝም። ዜማውን ቶሎ እይዛለሁ፤ ከያዝኩ በኋላ መጨረሻው ላይ ለመድረስ እጣደፋለሁ፣ ስሳሳት ተነሥቼ መስኮት ጋ እሄዳለሁ። ቲቸር አትቆጣም። አንድ ቅዳሜ አባዬን ጠርታ፣ ቤት ውስጥ አብሮት የሚለማመድ ሰው ከሌለ ይህ ልጅ እንደማይጸና ነገረችውና ከጎኔ ወንበር ሳበችለት። እኔ በቀኝ እጄ ዜማውን ልጫወት፣ እሱ በግራ እጁ ከታች ያሉትን ወፍራም ድምፆች ይያዝ። አባዬ እጁን ዘርግቶ አሳያት። ጥፍሩ ሥር የገባው ዘይት ከርሞም አልለቀቀም።

"ይሄ ጣት ብሎን ነው የለመደው፣ ቲቸር።"

"ብሎን ከፈታ ይሄ አያቅተውም፤ ይቀመጡ" አለችው።

ተቀመጠ። ቤት ስንመለስ ደግሞ አንድ አሮጌ ጣውላ ላይ የፒያኖ ቁልፎች ለክቶ አሰመረና በነጭና በጥቁር ቀለም ቀባው። ለቀናት ቤቱ ቀለም ቀለም ሸተተ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጣውላው ጠረጴዛ ላይ ይጠብቀኛል፤ ዜማውን በአፋችን እያንጎራጎርን ጎን ለጎን እንቀጠቅጠዋለን። እኔ እፈጥናለሁ፣ እሱ ይዘገያል። አንዳንዴ ይናደዳል። "የት ነው የምትሮጠው? እኔ ገና አልደረስኩም!" ይለኛል። እኔም በእሱ መዘግየት እናደዳለሁ። እማዬ ከጓዳ ሆና የማትሰማን ትመስላለች እንጂ፣ ዕቃ ስታጥብ ያችኑ ዜማ ስታንጎራጉር ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ።

የትምህርት ዘመኑ ሲያበቃ ቲቸር ወላጆችን ጠርታ ልጆቹ የተማሩትን የሚያሰሙበት ቅዳሜ ነበራት። የእኔና የአባዬም ስም ተመዘገበ። ሳምንቱ ሲገባ አባዬ ተጠራ፤ የጠራው ግን ሲጠብቀው የኖረው የአቃቂው ፋብሪካ አልነበረም። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ መካኒክ ፈልጎ፣ ሰኞ ጠዋት ሥራ ላይ ካልተገኘ ሌላ ሰው እንደሚተካ ተነገረው። ወደዚያው የተጠሩት የቀድሞ ባልደረቦቹ ዐርብ ሊሄዱ ነው። እማዬ አብሯቸው እንዲሄድ ለመነችው፤ ለጨዋታ ብሎ እንጀራውን እንዳያጣ ፈራች። እሱ ግን ቅዳሜ ወደዚያው የሚያልፍ የጭነት መኪና አገኘና በእሱ እንደሚሄድ ነገራት። ተኮራረፉ። ቅዳሜ ግን ሦስታችንም ነጠላና ሻንጣ ይዘን ሳሪስ ሄድን።

ተራችን እስኪደርስ አባዬ ሰዓቱን አያይም፤ መስኮቱን ነው የሚያየው። ሾፌሩ አስፋልት ዳር መኪናውን አቁሞ እየጠበቀው ነበር። ስንጠራ ሻንጣውን ከእግሩ ሥር አድርጎ ከጎኔ ተቀመጠ። ጀመርን። መካከል ላይ ስንደርስ ከውጭ የመኪና ጡሩምባ ረዘም አድርጎ ጮኸ። የአባዬ እጅ ከቁልፎቹ ላይ ተነሣ። እሱም ተነሥቶ ቆመ።

ከታች የነበረው ድምፅ ሲጠፋ ዜማው ባዶ ቤት ሆነ። የእኔ ጠባይ ቢሆን ሮጬ መጨረስ ነበር። ምን እንደያዘኝ አላውቅም፤ አልሮጥኩም። የደረስንባትን ቁራጭ መልሼ ተጫወትኳት። ደግሜ መለስኳት። ቀና ብዬ አላየሁትም፤ ካየሁት የሚሄድ መሰለኝ። ሰዎቹ ዜማው እንደዚያ መስሏቸው ዝም ብለው ያዳምጣሉ። ቲቸር ልትረዳኝ አልመጣችም። ጡሩምባው እንደገና ጮኸ፤ እኔም ያችኑ ቁራጭ እንደገና ጀመርኩ። ያኔ ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ፣ ትከሻው ትከሻዬን ነካኝ፣ ግራ እጁ ቀስ ብሎ ገባ። አብረን ጨረስን።

ጭብጨባው ሳያልቅ ግንባሬን ስሞኝ፣ ከእማዬ ጋር ምን እንደሆነ ያልሰማሁትን ነገር ተባብለው፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወጣ። ቲቸር እናቴን ጠጋ ብላ "ልጅዎ ዛሬ ሰው ጠበቀ" አለቻት። እማዬ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች።

አባዬ ኮምቦልቻ ብዙ ዓመት ሠራ። ለበዓል ሲመጣ ጣውላውን አውጥተን እንሞክራለን፤ እኔ እያደግኩ፣ እሱ እየረሳ፣ በመጨረሻ ተውነው። ፒያኖ ተጫዋች አልሆንኩም። ቁጭ ማለትም አልተማርኩም።

ዛሬ ገላን ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጄን ሕንጻ ላይ ወዳለ የሙዚቃ ትምህርት ቤት እወስዳታለሁ። የዛሬ ወላጅ እንደዚያ ዘመኑ ሶፋ ላይ ተደርድሮ የልጁን ስሕተት ከልጁ ጋር አይሰማም። ልጆቹ በመስታወት በር ውስጥ ይገባሉ፣ እኛ ኮሪደሩ ላይ ስልካችን ላይ አቀርቅረን እንቀራለን። ሲያልቅ የምንጠይቀው መቼ መድረክ ላይ እንደሚወጡና ሰርተፊኬት ይኖረው እንደሆነ ነው። እኔም ጠይቄያለሁ። ሁላችንም የምንፈልገው አንድ ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ግን ቆመን ለመናገር ጊዜ የለንም።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከክፍሏ እየሮጠች ወጥታ "አባዬ፣ ሰማኸኝ?" አለችኝ። በመስታወቱ በር በኩል ምንም አልተሰማኝም ነበር። አልሰማሁም አልኳት። ቅር አላት። ታክሲ ውስጥ ከጎኔ ተቀምጣ ትንሽ ካሰበች በኋላ "በቃ እዚህ ልጫወትልህ" ብላ ጉልበቴ ላይ በጣቶቿ መጫወት ጀመረች። ዜማው ምን እንደሆነ አላወቅኩም። ብቻ ገላን እስክንደርስ ድረስ እግሬን አላንቀሳቀስኩም።