ከዋርካው ወዲያ

ስሜ ሃራዳን ማሃቶ ነው። ከከተማው አውቶቡስ ማቆሚያ እስከ ኩሱምዲ መንደር በጂፕ ሰው ሳመላልስ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ጂፑ ለዘጠኝ ሰው የተሠራ ነው፤ እኔ አሥራ ስድስት እጭንበታለሁ፣ ፍየሎቹ ሳይቆጠሩ። «ቦታ የለም» ብዬ አላውቅም። «አላውቅም» ብዬም አላውቅ፤ ጉድ የሠራኝ ይሄኛው ነው።

እውነቱን ለመናገር ኩሱምዲን አላውቃትም ነበር። የመኪናው መንገድ ዋርካው ሥር ያበቃል። እዚያ ሻይ ጠጥቼ፣ ጂፑን አዙሬ፣ ጡሩምባ ነፍቼ እመለሳለሁ። ከዋርካው ወዲያ ያለው የእግር መንገድ ነው። በእግር መሄድ ደግሞ ለእኔ ከሹመት መሻር ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ጥር ከካልካታ በባቡር የመጡ አንዲት ሴት ከጎኔ ተቀመጡ። ቢኒታ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። እናታቸው ኩሱምዲ ተወልደው በልጅነታቸው እንደወጡ አልተመለሱም። መምህሯ አሁን እናታቸው የተወለዱበትን ቤት ለማየት መምጣታቸው ነው። መንደሩን የሚያሳያቸው ሰው እንዳገኝላቸው ጠየቁኝ። ከኋላችን የኩሱምዲ ሰው ጢም ብሎ ተቀምጧል። አንዱን ዘወር ብዬ መጥራት ነበረብኝ።

«መምህር፣ ሌላ ሰው ምን ያደርግልዎታል? እኔ ኩሱምዲን ዓይኔን ጨፍኜ እዞራታለሁ» አልኳቸው።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ዋርካው ሥር ስንደርስ ባለሻዩን በጆሮው መጠየቅ እችል ነበር፤ መምህር ግን ከጎኔ አልጠፋ አሉ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ እንደ መሬት ባለቤት ፊት ፊት ሄድኩ። በግራ ታጠፍን፤ አንዲት ሴት ሩዝ ያሰጣችበት ግቢ ገባንና ይቅርታ ጠይቀን ወጣን። በቀኝ ታጠፍን፤ ጭድ ክምር ጋ ደረስን። እንደገና በግራ ታጠፍን፤ ያው ሩዝ፣ ያችው ሴት። በሦስተኛው ጉብኝታችን ሴትየዋ ሩዙን ወደ ጥግ ሰብስባ መተላለፊያ አበጅታልን ነበር።

ላብ አጠመቀኝ። ያኔ ግድግዳው በቀይ አፈር የተለሰነ፣ ነጭ ዓሣዎች የተሣሉበት አንድ ያማረ ቤት አየሁ። ከዚህ የተሻለ ቤት አላገኝም ብዬ አሰብኩና «ይኸውልዎ!» አልኩ።

መምህር ጫማቸውን አወለቁ። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ፤ ከዚያ እንባቸው መጣ። እኔም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ አብሬያቸው አዘንኩ።

በዚህ መሐል አንዲት አሮጊት በትር ይዘው መጡ። ፉልማኒ ይባላሉ። ምን እያደረግን እንደሆነ ጠየቁ። ስነግራቸው በሩን በበትራቸው ገፋ አደረጉት፤ ሦስት ፍየሎች ወጡ።

«ይሄንን አምና የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ለፍየሎቼ» አሉ። ከዚያ ዋርካው ሥር አይተውኝ ያውቁ ኖሮ ትክ ብለው አዩኝ። «አንተ ጡሩምባው አይደለህም? ሃያ ዓመት ሙሉ ጆሮዬን ስታደነቁረኝ ኖረህ ዛሬ ገና ደጄን ረገጥህ?»

የምገባበት ጠፋኝ። ዋሽቻለሁ አልኩ፤ ከዋርካው አልፌ እንደማላውቅ ለመምህር ተናገርኩ።

መምህር እንባቸውን ጠረጉ። «አርባ ዓመት አስተምሬያለሁ» አሉኝ። «የቤት ሥራውን ያልሠራ ልጅ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። ከጭዱ ክምር ጀምሮ ጠርጥሬህ ነበር፤ ግን ማመን ፈለግሁ። አሁን ለፍየል ቤት ያፈሰስኩትን እንባ መልስልኝ።»

ፉልማኒ እስኪያስላቸው ሳቁ። የማን ልጅ እንደሆኑ ሲጠይቋቸው መምህር የእናታቸውን ስም፣ ኒሩፓማ፣ የፖስተኛው ልጅ፣ ብለው ተናገሩ። አሮጊቷ ሳቁን ተዉት።

«የኒሩ ልጅ? አብረን ዓሣ እናጠምድ ነበር እኮ። ነይ ልጄ።»

የፖስተኛው ቤት ከፍየሎቹ ቤት አርባ እርምጃ ቢሞላ ነው። ቤት ግን አልነበረም፤ ዝናብ ካፈረሰው ቆይቷል። በቦታው ሰናፍጭ ቢጫ አበባውን አውጥቶ ቆሟል። መምህር ዳሩ ላይ ተቀመጡ። አላለቀሱም። ፉልማኒ የፈካ ሩዝ በሽንኩርትና በቃሪያ አመጡልን፤ መጀመሪያ ለመምህር፣ ቀጥሎ ለራሳቸው፣ በመጨረሻ ለእኔ። ዋርካው ሥር ወደ ከተማ የሚመለሱ ተሳፋሪዎቼ ይጠብቁኝ ነበር፤ አንዳቸውም ሊፈልጉኝ አልመጡም። በኋላ እንደሰማሁት፣ ሩዝ የምታሰጣው ሴት ታሪኩን ቀድማ አድርሳላቸው፣ እየሳቁ ሰዓቱን ረስተውታል።

መምህር ፉልማኒ ቤት ሦስት ቀን አደሩ። በአራተኛው ቀን ልወስዳቸው ስመጣ አንድ ነገር ሊያሳዩኝ እንደሚፈልጉ ነገሩኝና ፊት ፊት ሄዱ። አንድ ቦታ እንኳ አልተሳሳቱም። ቦርሳቸውን ተሸክሜ ተከተልኳቸው፤ በግራ ሲሉ በግራ፣ በቀኝ ሲሉ በቀኝ። ኒሩና ፉልማኒ በልጅነታቸው ዓሣ ያጠምዱበት የነበረው ኩሬ ጋ ደረስን። ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። መምህር እግራቸውን ውሃው ውስጥ ነከሩና አጠገባቸው ያለውን ድንጋይ አሳዩኝ። ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ።