ጦር ያልነበረው መሪ

ጎህ ሳይቀድ ኮረብታውን እንድንይዝ ታዘዝን። በድንበሩ ጦርነት ጊዜ ነው። ኮረብታው ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ብቻ ነበረው፣ እሱንም ረስቼዋለሁ። ከኋላው ባለው ሸለቆ የሻለቃችን ቁስለኞች መኪና ይጠብቁ ነበር። ኮረብታውን ከለቀቅን እነሱ አለቀላቸው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

የጋንታችን መሪ መቶ አለቃ ወርቁ የዳንግላ ልጅ ነው፤ ከመዝመቱ በፊት ታሪክ ያስተምር ነበር። ምሽግ ውስጥ ሥራ ስንፈታ ስለ አንድ የፈረንሳይ መሪ ያጫውተናል። ስሙ ለአፋችን ስላልተመቸ «ረጅሙ ሰውዬ» እንለው ነበር። አገሩ ለጀርመን እጅ ስትሰጥ ሰውዬው ባሕር ተሻግሮ እንግሊዝ ገባ። ጦር የለው፣ መሬት የለው። የገዛ አገሩ መንግሥት ሞት ፈረደበት። እሱ ግን ሬዲዮ ፊት ተቀምጦ ጦርነቱ አላለቀም ይል ጀመር፤ አገር ሙሉ ከኋላው የቆመ ይመስል። ከአራት ዓመት በኋላ ዋና ከተማው ገባ፣ ሕዝቡም መንገዱን ሞልቶ ተቀበለው።

የአዲስ ቅዳሙ ጓዳችን ምንይችል ከሰል ነጋዴ የነበረ ቀልደኛ ነው፤ ይህን ወሬ በዋዛ አያሳልፈውም። «መቶ አለቃ፣ ጦር ሳይኖረው ማንን ነው የሚያዘው? እንዲህ ከሆነማ እኔም ጄኔራል ነኝ» ይላል። እንስቃለን።

እስከ አምስት ሰዓት ድረስ ሦስት ጊዜ መጡብን። መለስናቸው። መድፉ ግን ጨረሰን። ምንይችል በግራ በኩል ወደቀ። መተኮስ የምንችል ዘጠኝ ቀረን። መቶ አለቃም ጭኑን ተመታ፤ በቀበቶው አሰርንለት።

ጠላት ሬዲዮአችንን ጠልፎ እንደሚሰማ እናውቃለን፤ አማርኛም አሳምሮ ይሰማል። የጋንታችንን ሬዲዮ የያዝኩት እኔ የዘንገና ልጅ ነኝ። ሻለቃው ዘንድ ሬዲዮ የያዘው ደመላሽ ደግሞ የጥሊሊ ሰው ነው። ጠላት በማያውቀው በአገውኛ ጠራሁትና ዘጠኝ ነን፣ ውሃ የለንም፣ ድረሱልን አልኩት። መቶ አለቃ አገውኛ አይሰማም።

«ምን አልከው?» አለኝ።

«እውነቱን።»

«ደግ አደረግህ። ውሸቱን ለኔ ተወው» አለና የምንይችልን የእጅ ሬዲዮ ሰጠኝ። «ወደ ግራ ሂድ። ምንይችል ብዬ ስጠራ አቤት በል።»

ደነገጥኩ። «ሞቷል እኮ» አልኩት።

«እነሱ አያውቁም።»

በደረቴ እየተሳብኩ ሄድኩ። ከዚያ ጠላት እንዲሰማው በአማርኛ ሲያዝ ሰማሁት። ደሙ እየፈሰሰ፣ ድምፁ ግን ክፍል ገብቶ የሚያስተምር ነው የሚመስለው። «ምንይችል፣ ጋንታህን ይዘህ በግራ ቆይ፤ እስካዝህ እንዳትተኩስ።» «አቤት፣ ደርሰናል» አልኩ። የሞቱትን በየስማቸው እየጠራ ለእያንዳንዳቸው የሌለ ጋንታ ሰጣቸው። ሬዲዮ የያዙ ሁለት ጓዶቼም እንደኔ በሞቱት ስም መለሱ።

ከሰዓት በኋላ ጠላት አልመጣም። ብዙ መስለነው ከታች ሆኖ ዋለ።

ዛሬ እንጅባራ ባጃጅ ስነዳ ወጣቶች ከኋላዬ ተቀምጠው ስለ መሪ ሲከራከሩ እሰማለሁ። እኔ ግን አንድ ሰው በድምፁ ብቻ ኮረብታ ይዞ ሲውል አይቻለሁ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የፈረንሳዩም ሰውዬ ተረት እንዳልነበረ ያመንኩት ያን ቀን ነው።

ያን ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ረዳት ጦር ደረሰ። የሸለቆው ቁስለኞች ሁሉ በመኪና ተወሰዱ። መቶ አለቃ ወርቁ ግን ቃሬዛ ሳይደርስለት አረፈ። ሠላሳ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ከጋንታችን አሥራ ዘጠኝ ሰው ቀበርን።

ሲመሽ ከሻለቃው የመጣ መኮንን ማን እንደቀረ ለማወቅ ስም ጠራ። «ምንይችል» ሲል ሳላስበው «አቤት» አልኩ። መኮንኑ ቀና ብሎ አየኝ። ሞቷል ማለት ነበረብኝ፤ አፌ እምቢ አለኝ። ቀኑን ሙሉ አብሮን ሲዋጋ ነው የዋለው።