የአባባ ጂፕ ስትነሳ

መዶሻው ነው የሚሉት። ስሙን ያወጡለት የጋራዥ ጓደኞቹ ናቸው። ባቱላሜራ ነው፤ ተጋጭቶ የተጨማደደ መኪና ቀጥቅጦ ያቃናል። ስሙ ግን ከሥራው ብቻ የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ ሰውየው ቁጣው አፍንጫው ላይ ነው። አንድ ደንበኛ «በሩ በደንብ አልገጠመም» ብሎ ነገር ቢያበዛበት፣ ያለቀውን በር ከነማጠፊያው ገንጥሎ እግሩ ሥር ወረወረለት። ሰውየው እናቱን ሲሰድብበት ደግሞ በአንድ ቡጢ አፍንጫውን ሰብሮ እዚያው በሩ ላይ አስተኛው። በማግስቱ በሩን በነጻ መልሶ ገጠመለት፤ ስለ አፍንጫውም ይቅርታ ጠየቀ። ይሰብራል፣ ያቃናል። ሰውም እንደ ላሜራ የሚቃና ይመስለው ነበር።

ሚስቱ ነርስ ናት። «ያገባኝ ወዶኝ አይደለም፤ ዝገት በቆረጠው ቁጥር የመንጋጋ ቆልፍ መርፌ እንድወጋው ነው» እያለች ጎረቤት ታስቃለች። ቁጣው የሚበርድላቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ አንዷ እሷ ናት፣ ሌላው ታላቅ ወንድሙ።

ታላቅየው ልብስ ሰፊ ነው፤ በአንድ ግቢ፣ ለየቤታቸው ነው የሚኖሩት። እናታቸው ታናሽየውን ወልዳ ብዙ ሳትቆይ ስለሞተች፣ አጥቦና አብልቶ ያሳደገው እሱ ነው። መዶሻው ዛሬ ጢሙ ሸብቶ እንኳ «ወንድም ጋሼ» ይለዋል፤ እሱም «ማሙሽ» ይለዋል። ታላቅየው ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማ የለም። ዝንብ ሲያስቸግረው እንኳ መስኮት ከፍቶ ያስወጣል። አባታቸውን የሚያውቁ የሰፈር ሽማግሌዎች ሲያዩት «እሳት አመድ ወለደ» ይሉ ነበር፤ እሱ ሰምቶ እንዳልሰማ መርፌውን ይቀጥላል። ዝም አይነቅዝም ብሎ የኖረ ሰው ነው።

አባትየውማ እሳት ነበር። ሾፌር ነበር፤ ሲጠጣም ሳይጠጣም እጁ ይቀድመዋል። የረዳቱን መንጋጋ በክሪክ ዘንግ ሰብሮ ታስሯል። ጎማው ላይ የጮኸበትን የጎረቤት ውሻ ሆን ብሎ ረግጦ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ደግሞታል። ለመዶሻው ግን አባባ ሌላ ሰው ነበር። የመጨረሻ ልጅ ነው፤ አባቱ አንድ ቀን እንኳ በጥፊ አልነካውም። በሕይወቱ ካየው ደስታ ሁሉ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ አባባ የሚነዳትን ጂፕ ያስነሳና መሪው ላይ ያስቀምጠዋል፣ ትንሿን እግሩን ነዳጅ መስጫው ላይ ያደርግለታል። «ርገጠው ማሙሽ! እስክልህ ድረስ እንዳትለቅ! እኔ ከኋላ ሆኜ ጭሱን ልይ» ይለዋል። እሱ ይረግጣል። ሞተሩ ያገሳል፣ ግቢው ይንቀጠቀጣል፣ እሱ በሳቅ ይፈርሳል። አባቱን ሲያስብ የሚመጣበት ይህ ነው።

አባትየው ሲሞት ጂፗ ከግቢው ጥግ፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር ቀረች። ዝናብ በላት። ዶሮ እንቁላል ጣለችባት። ወለሉ ተፈርፍሮ ሣር በመሪው መሀል በቀለ። ከብዙ ዓመት በኋላ መዶሻው አንድ ቀን ሣሩን ነቀለና «አድናታለሁ» አለ።

ዝገት የሚፋቅ እንዳይመስላችሁ፤ የሚገደል ነው። ሁለት ክረምት ሙሉ ከሥራ ሲመለስ ልብሱን ሳይቀይር እላይዋ ላይ ይሰፍራል። በግራይንደር ይበላታል፣ በእሳት ይለበልባታል፣ በመሮ ይሰነጥቃታል። እሷም አልተኛችለትም። ኮፈኑ ወድቆ ጣቱን ጨፈለቀው። የብየዳ ፍንጣሪ ዓይኑ ገብቶ ሦስት ቀን በፋሻ ታስሮ ዋለ። የዛገ ብሎን አልፈታ ሲለው ቁልፉን ወርውሮ የራሱን መስኮት ሰባበረ። ወለሉን አዲስ ሠርቶ ሲጨርስ ወለሉን የሚሸከመው የታችኛው ወገቧ ተሰንጥቆ አገኘው፤ ያን ሲበይድ የጎማው ሽፋን፣ ፓራፋንጎው፣ እጁ ላይ ዱቄት ሆነ። ወንድም ጋሼ በዚህ ሁሉ መሀል ምንም አላለም። የወንበሩን ልብስ ስፋልኝ ሲለው እንኳ አሳምሮ ሰፋለት፤ ለማስረከብ ግን ከራሱ ደጃፍ ወዲህ አልመጣም። መዶሻው ይህን ልብ አላለውም።

በመጨረሻ ሚስቱ መረራት። «ከእኔና ከዚህች ቃሬዛ የትኛዋን ነው ያገባኸው?» አለችው፣ ብረት የቀደደውን ክንዱን እየሰፋች።

«እሑድ አስነሳታለሁ። ካልተነሳች ሰኞ ቆራርጬ እጥላታለሁ፤ ይኸው ምያለሁ።»

እሑድ ጠዋት አዲስ ቺንጋ፣ የሞተሩን ማራገቢያ የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ገጠመ፣ ካንዴላዎቹን አጸዳ፣ ሞተሩን በእጅ የሚያዞሩበትን ቆልማማ ብረት ከፊት ሰካና ትንፋሽ እስኪያጥረው አዞረ። አሳላት። ደግሞ አሳላት። ከዚያ ተነሳች። መዶሻው ብረቱን ጥሎ ዘሎ ገባና ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ረገጠው። ጂፗ አገሳች። ሰውየው እየሳቀ፣ እንባው እየወረደ «ወንድም ጋሼ! ና ስማ!» ብሎ ጮኸ።

ወንድም ጋሼ መጣ። ባዶ እግሩን ነው፤ ድንጋይ የሚፈለጥበትን ትልቁን መዶሻ ይዟል። የግራውን መብራት አፈረሰው። ከዚያ የቀኙን። ቀጥሎ መስታወቱ ላይ አሳረፈው፤ ስብርባሪው የታናሹን ፊት ሞላው። መዶሻው ደሙን እየጠረገ ሲወርድ ታላቅየው ኮፈኑን እየወቀጠ ነበር፤ አፉ አረፋ ደፍቆ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ።

«አብደሃል? ተው! ተው ብያለሁ!»

አልሰማውም። መዶሻው ከኋላ ጨምድዶ ይዞት መሬት ላይ አጋጨው። ታላቅየው ተነሥቶ እጁን ነከሰው፤ ሥጋው እስኪቦጨቅ ነከሰው። መዶሻው ያን ጊዜ ማን እንደሚመታ ረሳ። ደረቱን በጉልበቱ ሲለው የጎድን አጥንት ሲሰበር ድምፁን ሰማ። በቡጢ አፉን ሲለው ሁለት ጥርስ ረገፈ። ሽማግሌው ተንፏቆ እንደገና ወደ ጂፗ ሲሄድ፣ መዶሻው ቆልማማውን ብረት አነሣና ከጭንቅላቱ በላይ ከፍ አደረገው። ሊመታው ነበር። በኋላ ሚስቱ ስትጠይቀው አልዋሻትም፤ ሊመታው ነበር።

ታላቅየው ዞሮ ብረቱን አየ። ያ ሁሉ ቁጣ ከፊቱ ጠፋ። ወደ ጂፗ ጀርባ ሄደ፣ ሸሚዙን እስከ ትከሻው ሰቀለ፣ ሁለት መዳፉን የኋላው በር ላይ አድርጎ አጎነበሰ። ጀርባው ላይ ከላይ እስከ ታች የተጋደመ ጠባሳ ነበር። መዶሻው ስፋቱን ያውቀዋል፤ የቺንጋ ስፋት ነው፣ ያን ጠዋት በገዛ እጁ ገጥሞታል።

«ሞተሩን አታጥፋው» አለ ወንድም ጋሼ፣ ፊቱን ሳያዞር። «ሰው ይሰማል።»

ብረቱ ከመዶሻው እጅ ወደቀ። ሞተሩን ያጠፋችው እየሮጠች የደረሰችው ሚስቱ ናት።

የወንድም ጋሼን ከንፈር ስትሰፋለት፣ ደረቱን ስታስርለት፣ መዶሻው እግሩ ሥር ተቀምጦ ነበር። «አባባ ጭሱን ነበር የሚያየው» አለ።

«አንተማ ልጅ ነበርክ ማሙሽ» አለ ታላቅየው፣ ባበጠ አፉ። «ሲገርፈኝ ጩኸቴ ለጎረቤት እንዳይሰማ ነበር የሚያስረግጥህ። አንተ ደስ ይልህ ነበር። ሳቅህ እኔ ጋ ይሰማል። ቢያንስ እሱ ደስ ብሎታል እል ነበር።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። መውጋቱን ሳያውቅ የወጋስ ምን ይባላል? መዶሻው ተነሥቶ ወጣና ቡጢውን የግቢው አጥር ድንጋይ ላይ ደጋግሞ አሳረፈው፤ ሚስቱ መጥታ እስክትይዘው ድረስ። አባቱን ጠላ። ቀጥሎ ደግሞ ናፈቀው፤ ይህኛው ባሰበት።

ሳምንት ሙሉ ጂፗን ዞር ዞር እያለ አያት። መማሉን አልረሳም፤ እሑድ ተነሥታለች፣ በመሐላው ከሄደ የምትቆረጥበት ምክንያት የለም። የጋራዥ ጓደኞቹ «ብረት ምን አጠፋ? መብራትና መስታወት ነው የቀረህ፣ ጨርሳት» አሉት። እውነታቸውን ነው፤ ብረት ምንም አላጠፋም። ደግሞም ይወዳት ነበር። ሁለት ክረምት ደሙን የጠጣችውን ነገር እንዴት አይወድ?

አንድ ማለዳ ወንድም ጋሼ ደረቱን ደግፎ መጣ። አሮጌ ፎጣ ይዟል፤ የሰባበረውን መስታወት ከወንበሩ ላይ መልቀም ጀመረ።

«ጨርሳት ማሙሽ» አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ለፍተህባታል። ስታስነሳት ብቻ ቀድመህ ንገረኝ፣ ወጣ ብዬ እመለሳለሁ።»

መዶሻው ልቡ ዘለለ፤ እውነቱን እንናገር፣ ደስ አለው። ሮጦ ቤት ገባና ለሚስቱ ነገራት። «ፈቀደልኝ! ራሱ መጥቶ ጨርሳት አለኝ!»

ሴትዮዋ የምታጥፈውን ልብስ አስቀመጠች። «ፈቅዶልህ ነው ወይስ ፈርቶህ?»

መዶሻው በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከተ። ስልሳ ዓመት የዘለለው ወንድሙ የተሰበረ አጥንቱን በአንድ እጁ ይዞ፣ ማንም ሳያዘው ጂፕ ያጸዳል። እጁ ቶሎ ቶሎ ይላል፤ የጂፗ ባለቤት ሳይመጣ ጨርሶ ለመገኘት እንደሚጣደፍ ልጅ። ባለቤቱ ደግሞ አሁን ማን እንደሆነ መዶሻው ገባው።

ወጥቶ ፎጣውን ከእጁ ቀማው። ወንበር አምጥቶ ወንድሙን ከደጃፉ አስቀመጠው። ከዚያ የኦክስጅን መቁረጫውን ጎትቶ አመጣ። ከኋላው በር ጀመረ፤ የወንድሙ መዳፎች ያረፉበትን ቦታ መጀመሪያ ቆረጠ። ወለሉን፣ በራሱ እጅ የሠራውን አዲሱን ወለል፣ ሰነጠቀው። መሪውን ነቅሎ ጣለ። ሞተሩን በትልቁ መዶሻ አፈረሰው፤ ሲመታው እንደ ሕፃን ድምፁን አውጥቶ ያለቅስ ነበር፣ አላፈረምም። ወንድም ጋሼ አንድ ጊዜ ብቻ «ይበቃል ልጄ፣ ደከመህ» አለው። ማታ ቁርጥራጭ ብረት ገዢው ጭኖ ሲሄድ ከጣሪያው ሥር የቀረው የዘይት እድፍ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ሁሉም ነገር ተቃና ብዬ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ሰው ግን ላሜራ አይደለም። መዶሻው አሁን የሥራ መሣሪያ ወደ ግቢ አያስገባም፤ ምስማር የሚመታ ሲኖር የጎረቤት ሰው ይጠራል። ወደ ወንድሙ ቤት ሲገባ ሁለት እጆቹን ከፊቱ ዘርግቶ፣ መዳፉን ከፍቶ ነው የሚገባው። ወንድም ጋሼ በወለቁት ጥርሶቹ ክፍተት ይስቅበታል፤ «አንተ ደግሞ፣ ፖሊስ ያስቆመህ ይመስል!» ይለዋል። ይሳቅ እንጂ፣ ዓይኑ መጀመሪያ እጆቹን አይቶ ነው ወደ ፊቱ ቀና የሚለው።