ጉራቻ አበደ የተባለ ቀን

ከሚሴ ውስጥ ልብስ ሰፊው ጀይላን ማለት እኔ ነኝ። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ሰው ሱሪው ሳያጥር ለጨጓራውም፣ ለወገቡም፣ ለላሙም ምክር ተቀብሎ ይሄዳል። ምክሩ በነጻ ነው፤ ጥራቱም እንደ ዋጋው ነው።

አምና ጨፋ ሜዳ ላይ ያለኝን በቆሎ ጦጣ ሲጨርሰው፣ የሰንበቴ ከተማው ወዳጄ አንዋር ጉራቻ የሚባል ጥቁር ውሻ ሰጠኝ። የከብት ንግዱን ትቶ ደሴ ሊገባ ነበር። ውሻው ከሲታ ነው፤ ጆሮውን መዥገር ወርሶታል፤ ሰው ሲያይ ይሸማቀቃል።

«ቀስ በል፣ አዲስ ቤት እስኪለምድ ይፈራል» አለኝ አንዋር።

እኔን ሊመክረኝ! «እስከ አረፋ ወይፈን አስመስለዋለሁ» አልኩት።

ጓሮ ጥላ ስር አስሬ ማወፈሩን ተያያዝኩት፤ ጮማ፣ ቅቅል፣ ቅቤ የጠገበ ፍትፍት። በሁለተኛው ቀን ተቅማጥ ያዘው። ባለቤቴ ሀዲጃ «ሆዱ ያልለመደውን አታብላው» ብትለኝ፣ «ሆዱ እየጸዳ ነው» ብዬ የጎድን አጥንት ጨመርኩለት።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ጉራቻ አፉን ከፍቶ ልጋጉን ያዝረበርባል። ውሃ ሳቀርብለት ይሸሻል። ስለ እብድ ውሻ በሬዲዮ የሰማሁት ሁሉ ትዝ አለኝ።

«አብዷል!» ብዬ ጮህኩ።

ጩኸቴን ሳልጨርስ ራሴን የሽንት ቤቱ ቆርቆሮ ላይ አገኘሁት። እንዴት እንደወጣሁ ዛሬም አላውቅም፤ እኔ እኮ ከጉልበቴ ሕመም የተነሳ የምሰግደው ወንበር ላይ ነው።

ጎረቤቴ አያ አብዶ በአጥሩ ብቅ አሉ። «ማል ታቴ ጀይላን? ምን ሆንክ?»

«ውሻው አበደ!»

ጉራቻን አዩት፤ እኔን አዩኝ። «እሱስ ታስሯል» አሉ።

ሀዲጃ ማንም እንዳይጠጋው አዝዛ በባጃጅ የእንስሳት ሐኪም ልታመጣ ሄደች። ሐኪሟ ኢልሃም የምትባል ወጣት ናት። «የነከሰው ወይ ልጋጉ የነካው ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች።

«ማንም አልነካውም» አለች ሀዲጃ።

«ጥሩ። እንዲህ ሲሆን መጠርጠር ነው፤ እጅ አፉ ውስጥ አይገባም።»

ቆርቆሮው ላይ ሆኜ ራሴን ነቀነቅኩ፤ ኮራ ብዬም ነበር።

ኢልሃም በገመድ አስይዛ ማደንዘዣ ወጋችው። ጓንቷን አጥልቃ አፉን ከፈተችና ከላይኛው ጥርሶቹ መሀል የተሰነቀረ አጥንት በጉጠት ነቅላ አወጣች።

«ይሄን የበሰለ አጥንት ማነው የሰጠው?»

ሁሉም ቀና ብሎ አየኝ። መውጣቱ ቀላል ነበር፤ ለመውረድ ግን የአያ አብዶ መሰላል አስፈለገኝ።

የትላትል መድኃኒት ሰጠችው፤ ለመዥገሩም ቀባችው። ምግቡ ቀለል ያለና ትንሽ ትንሽ እንዲሆን፣ ሲበረታ ደግሞ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንድናመጣው አዘዘችን። እኔ ለማካካስ መዥገር ለቃሚ ሆንኩ። ልጋጉ ሲነካኝ፣ ሃይማኖታችን እንደሚያዘው እጄን ሰባት ጊዜ፣ አንዱን ባፈር፣ እየታጠብኩ ቆዳዬ ሊላጥ ደረሰ።

በወሩ ተከተበ፤ ጎኑም ሞላ። ዘንድሮ ጦጣ ከማሳዬ ሲያባርር ከመንገድ ይሰማል። ሀዲጃን ሲያይ ጭራው አያርፍም። እኔ ሳህን ይዤ ስመጣ ግን ሳህኑን ያያል፣ ፊቴን ያያል፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ እሷን ይጠብቃል።

እኔም አጠገቡ ተቀምጬ እጠብቃታለሁ።