ለእሷ አይነሳም

ደብረ ታቦር መናኸሪያ ፊት ለፊት የቆመች ባጃጅ ጀርባዋ ላይ በእንግሊዝኛ «ሪስፔክት» የሚል ተለጥፎባታል። ይህን ቃል ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የእንግሊዝኛ መምህራችን ትርጉሙን ከነአጠቃቀሙ ቤታችሁ ተወያይታችሁበት ኑ አለን። አያቴን ጠየቅኋቸው።

«ክብር ነዋ» አሉኝ። «ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ብለሽ ኖር ትያለሽ። እሱም በእግዜር ይልሻል።»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ሸክላ ሠሪዋ አሮጊት የታዘዙትን ገንቦ አዝለው ከበሩ ብቅ አሉ። ልብሳቸው ጭስና እርጥብ አፈር ይሸታል። ፀጉራቸው ከአያቴ ፀጉር ይልቅ ነጥቷል። ብድግ ብዬ «ኖር» አልኩ።

«ተቀመጭ» አሉ አያቴ። «ቡዳ ናት። ለእሷ አይነሳም።»

አሮጊቷ ገንቦውን ደጃፉ ላይ አስቀመጡ። እኔን ብቻ እያዩ «በእግዜር፣ ልጄ» አሉና ወጡ። አያቴ እስኪሞቱ ድረስ ጠላቸውን የጠጡት ከዚያ ገንቦ ነው።

በማግሥቱ መምህሩ ትርጉሙን እንድናገር ስሜን ሲጠራ ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም።

«ግቢ እንጂ፣ እህት» አለኝ መናኸሪያው ፊት ለፊት የቆመችው ባጃጅ ሹፌር።

በእግሬ ሄድኩ።